አሰልጣኙን አየነው፤ ሒሳቡስ?

ለክለባችን የቦርድ ሰብሳቢና አባላት
ግልባጭ፦ ለአዲሱ ዋና አሰልጣኝ፣ ለደጋፊዎች ማኅበር
ጉዳዩ፦ ስለ አዲሱ አሰልጣኝ ቅጥርና ስለ ክለቡ ካዝና

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

በቅድሚያ እንኳን ደስ ያላችሁ፤ አሰልጣኝ አግኝታችኋል። ስካርፉን ከፍ አድርጎ የተነሳውን ፎቶ አይተናል። መግለጫውንም ተከታትለናል። ሰውየው ጨዋ ይመስላል። ሥራውንም እናውቃለን፤ ከዚህ በፊት በያዛቸው ቡድኖች ብዙ ገንዘብ ሳይሰጠው ተጋጣሚ የሚፈራው ቡድን ሠርቷል። ስለዚህ ከአሁኑ ልናገር፤ ይህ ደብዳቤ እሱን ለመቃወም የተጻፈ አይደለም። እንዲሳካለት ከልቤ እመኛለሁ።

የጻፍኩት ስለ ሌላ ነገር ነው። በዚያው መግለጫ ላይ አንድ ጋዜጠኛ የኦዲት ሪፖርቱ ለምን እንደዘገየ ጠየቀ። የተሰጠው መልስ ዛሬ የኳስ ቀን ነው፣ ስለ ሒሳብ ሌላ ቀን እናወራለን የሚል ነበር። አዳራሹ ሳቀ። ቀጣዩ ጥያቄ ስለ አሰላለፍ ሆነ። አራት ሦስት ሦስት ነው ወይስ ሦስት አምስት ሁለት? በቃ፣ ጉዳዩ ተዘጋ።

እኔ ያልገባኝ ኳሱና ሒሳቡ የት ቦታ ላይ እንደሚለያዩ ነው። አዲስ አሰልጣኝ ማለት እኮ አዲስ ወጪ ማለት ነው። የእሱ ደመወዝ ብቻ አይደለም። ይዟቸው የሚመጣ ረዳቶች አሉ፣ የግብ ጠባቂዎች አሰልጣኝ አለ፣ የአካል ብቃት ባለሙያ አለ፣ የጨዋታ ቪዲዮ የሚተነትን ልጅ አለ። የተሰናበተው አሰልጣኝና ረዳቶቹም ቀሪ ውል አላቸው። ከዚያ ደግሞ አዲሱ አሰልጣኝ ለእኔ አጨዋወት አይሆኑም የሚላቸው ተጫዋቾች ይኖራሉ፤ እነሱ ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሙሉ ደመወዛቸውን ይወስዳሉ፣ በቦታቸው ሌሎች ይገዛሉ፣ ለወኪሎቻቸውም ይከፈላል። ይህን ሁሉ ማነው የሚከፍለው? ከየት አምጥቶ? እስከ መቼ? ሌላ ቀን ያላችሁት ይህንን ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ደግሞ ስንብቱ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ይህ ሦስተኛው አሰልጣኛችን ነው። የቀድሞዎቹ ሁለቱም በስምምነት ተለያየን በሚል አጭር ጽሑፍ ነው የሄዱት። ስምምነቱ ስንት እንዳስወጣ እስከ ዛሬ የነገረን የለም። ኳስን በቅርብ የሚከታተል ሰው ግን ያውቀዋል፤ ውሉ ሁለት ዓመት የቀረው አሰልጣኝ በባዶ እጁ አይስማማም።

ትልልቆቹን እንይ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው)። ቼልሲ በ2018 አንቶኒዮ ኮንቴን አሰናበተ። በኋላ በወጣው የክለቡ ሒሳብ ላይ ከአሰልጣኙና ከረዳቶቹ ስንብት ጋር ተያይዞ የተመዘገበው ወጪ 26.6 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። ማንቸስተር ዩናይትድ በ2024 ክረምት የኤሪክ ቴን ሃግን ውል አራዘመ። አራት ወር ሳይሞላው አሰናበተው። ለእሱና ለረዳቶቹ የወጣው 10.4 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። እስቲ አስቡት፤ ውሉን ባያራዝሙለት ኖሮ ምን ያህሉ ይተርፍ ነበር? ያራዘሙትም ያሰናበቱትም ያው ሰዎች ናቸው።

እነዚህ ክለቦች የቴሌቪዥን ገንዘብ እንደ ጎርፍ የሚገባላቸው ናቸው። ይቆስላሉ፣ ከዚያ ይድናሉ። የእኛ ዓይነት ክለብ ግን አንድ መጥፎ ውል ቢፈርም የሚከፍለው ከተጫዋቾቹ ደመወዝ ላይ ነው። ወይም ከታዳጊዎቹ ቡድን ላይ። ወይም ከሴቶቹ ቡድን ላይ። መቼም ቅነሳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚነካው ማን እንደሆነ እኔ አልነግራችሁም፤ አውቶቡስ ተከልክለው በሚኒባስ ተጠጋግተው ወደ ጨዋታ የሚሄዱት ልጆች ይንገሯችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ስጋቴ ልምጣ። በብዙ አገር የተደጋገመ አንድ ነገር አለ። የክለብ ካዝና ሲራቆት አመራሩ መጀመሪያ የሚያደርገው አዲስ አሰልጣኝ ማምጣት ነው። የአሰልጣኝ ለውጥ ወሬ ይፈጥራል። ወሬው ደግሞ ለጥቂት ወራት ጥያቄ ያስረሳል። ደጋፊው ስለ አሰላለፍ ይከራከራል፣ ጋዜጠኛው ስለ ዝውውር ይጽፋል፣ ባንኩ ግን የሚጠብቀው ቀን አይለወጥም።

የሊድስ ዩናይትድን ታሪክ ታውቁታላችሁ ብዬ እገምታለሁ። በ2001 የቻምፒየንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ የደረሰ ቡድን ነው። ወጣት፣ ፈጣን፣ የሚያምር ቡድን። የተሠራው ግን በብድር ነበር። ከወሰዷቸው ብድሮች አንዱ 60 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሆን መያዣው ገና ያልተሸጠ የስታዲየም ትኬት ነበር፤ ማለትም የመጪዎቹ ዓመታት ደጋፊ ኪስ። ስሌቱ በየዓመቱ ቻምፒየንስ ሊግ እንገባለን የሚል ነበር። አልገቡም። በ2002 ዴቪድ ኦሊሪ ተሰናበተና ቴሪ ቬናብልስ መጣ። ትልቅ ስም ነው፤ ባርሴሎናንም የእንግሊዝን ብሔራዊ ቡድንም ያሠለጠነ። ወንበሩ ሳይሞቅ በዚያው ክረምት ሪዮ ፈርዲናንድ ለማንቸስተር ዩናይትድ ተሸጠ። ቀጥሎ ሮቢ ኪን ሄደ። በጃንዋሪው የዝውውር መስኮት፣ ማለትም ተጫዋች መግዛትና መሸጥ በሚፈቀድበት ጊዜ፣ ጆናታን ውድጌት ተከተለ። ቬናብልስ ራሱ የውድድር ዓመቱ ሳያልቅ በማርች 2003 ተሰናበተ። ክለቡ በ2004 ከፕሪሚየር ሊግ ወረደ፣ በ2007 ደግሞ ወደ ሦስተኛው እርከን ወረደ። ወደ ፕሪሚየር ሊግ ለመመለስ እስከ 2020 ጠበቀ።

እዚህ ላይ ቬናብልስ ምን አጠፋ? ሰውየው ሲፈርም አሠለጥነዋለሁ ያለው ቡድንና የተሰጠው ቡድን አንድ አልነበሩም።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ቤሪ ነው። ቤሪን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ትንሽ ክለብ ነው። በ1885 የተመሠረተ፣ የእንግሊዝን ኤፍኤ ካፕ ሁለት ጊዜ ያነሳ፣ በ1903 ፍጻሜውን 6 ለ 0 ያሸነፈ። በ2018 መጨረሻ ክለቡ በአንድ ፓውንድ ተሸጠ። አዎ፣ በአንድ ፓውንድ፤ ከነዕዳው። በ2019 ተጫዋቾቹ ደመወዝ እየዘገየባቸው ከአራተኛው ሊግ ወደ ሦስተኛው አደጉ። አሰልጣኙ ሌላ ክለብ ሄደ። በጁላይ ፖል ዊልኪንሰን የሚባል አዲስ አሰልጣኝ ተሾመ። ሊጉ ግን ገንዘብ እንዳላችሁ አሳዩኝ አለ። ማሳየት አልቻሉም። የመጀመሪያው ሳምንት ጨዋታ ተራዘመ፣ ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። ኦገስት 27 ቀን ክለቡ ከሊጉ ተባረረ። ዊልኪንሰን አንድም የሊግ ጨዋታ ሳይመራ ቀረ። ከመቶ ዓመት በላይ በሊጉ የቆየ ክለብ ነው ይህ።

በዚያ ክረምትም ተስፋ ነበር። ቡድኑ አድጓል፣ አዲስ አሰልጣኝ መጥቷል። ሜዳ ላይ ያለውን ብቻ ብታዩ ጥሩ ዓመት ነው የምትሉት።

ደርቢ ካውንቲንም ልጨምር፣ ምክንያቱም የእነሱ ታሪክ ለአሰልጣኛችን በደንብ ይነግረዋል። ዌይን ሩኒ በጃንዋሪ 2021 ቋሚ አሰልጣኝ ሆነ። በሴፕቴምበር ክለቡ ዕዳውን መክፈል ስላልቻለ በፍርድ ቤት ሞግዚት አስተዳደር ሥር ገባ። 12 ነጥብ ተቀነሰበት። ትንሽ ቆይቶ ከዚያ በፊት በነበሩ ዓመታት ሒሳቡን ባቀረበበት መንገድ ምክንያት ሌላ 9 ተቀነሰ። በድምሩ 21። ሩኒና ልጆቹ በዚያ ዓመት ሜዳ ላይ 55 ነጥብ ሰበሰቡ። በሰንጠረዡ ላይ የተጻፈላቸው 34 ነበር። ወረዱ። ሜዳ ላይ የተረፈ ቡድን ቢሮ ውስጥ ወረደ ማለት ነው።

ይህ በትንንሾቹ ብቻ የሚደርስ የሚመስለው ካለ ኤቨርተንን ይጠይቅ። በ2023 መጨረሻ 10 ነጥብ ተቀነሰበት፣ በይግባኝ ወደ 6 ዝቅ አለ፣ በ2024 ደግሞ ሌላ 2 ተጨመረ። በዚያው ዓመት ኖቲንግሃም ፎረስት 4 ነጥብ አጥቷል። ነጥብ ቅነሳ ድሮ ብርቅ ነበር፣ አሁን ግን የውድድሩ አንድ አካል ሆኗል።

እንግዲህ እናንተ የምትሰጡት መልስ አስቀድሞ ይሰማኛል። ክለባችን ትርፋማ ነው ትላላችሁ። ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤም ብላችሁታል። አንድ ስላይድ ላይ አረንጓዴ ቀስት ወደ ላይ ሲወጣ አሳያችሁን። ቀስቱ ከምን እንደተሠራ ግን አላሳያችሁንም።

የእግር ኳስ ሒሳብ ትንሽ ተንኮል አለበት። አብዛኛው ደጋፊ ስለማይነገረው በቀላሉ ላስረዳ። አንድ ተጫዋች በአሥር ሚሊዮን ገዝታችሁ የአምስት ዓመት ውል ብታስፈርሙት መጽሐፉ ላይ በዓመት ሁለት ሚሊዮን ብቻ ነው ወጪ የሚጻፈው። ተጫዋች ስትሸጡ ግን ትርፉ በሙሉ በአንድ ዓመት ይመዘገባል። ስለዚህ አንድ ልጅ ሸጣችሁ ሦስት ብትገዙ በዚያ ዓመት አትራፊ ልትመስሉ ትችላላችሁ። ዕዳው በሚቀጥሉት አራት ዓመታት ተበትኗል። ቼልሲ በ2023 ለሚካይሎ ሙድሪክ የስምንት ዓመት ተኩል ውል የሰጠው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ዓመቱ ሲረዝም የዓመቱ ወጪ ያንሳል። የአውሮፓ እግር ኳስ የበላይ አካል ዩኤፋ በዚያው ዓመት ለሒሳብ ሲባል ከአምስት ዓመት በላይ መበተን አይቻልም ብሎ ዘጋው።

ይህ ማጭበርበር አይደለም፣ ሁሉም የሚሠራበት የሒሳብ አያያዝ ነው። ችግሩ ካሽ ሌላ፣ መጽሐፍ ሌላ መሆኑ ነው። ደመወዝ የሚከፈለው በካሽ ነው። መጽሐፉ ላይ ያተረፈ ክለብ ወር ሲደርስ የሚከፍለው ሊያጣ ይችላል። እና ከታዳጊ ያሳደጋችሁት ልጅ ሲሸጥ ሙሉ ዋጋው ንጹሕ ትርፍ ሆኖ ስለሚታይ ሒሳብ የጠበበበት ክለብ መጀመሪያ የሚሸጠው የገዛ ልጁን ነው። ባለፈው ክረምት ያጣናቸውን ሁለት ልጆች አስታውሱና ከዚህ ጋር አያይዙት። ያኔ ስንጠይቅ የአሰልጣኙ ውሳኔ ነው ተባልን። አሰልጣኙ ደግሞ ከሁለት ወር በኋላ ሄደ።

ሌላም መንገድ አለ። ደርቢ በ2018 ስታዲየሙን በ81 ሚሊዮን ፓውንድ ለክለቡ ባለቤት ሌላ ኩባንያ ሸጠ። በግራ ኪሱ ያለውን በቀኝ ኪሱ ገዛው ማለት ነው፣ በዚያ ዓመት ግን መጽሐፉ ላይ ትርፍ ሆኖ ተጻፈ። ባርሴሎና በ2022 የላሊጋ የቴሌቪዥን ገቢውን 25 በመቶ ለ25 ዓመት ሸጠ። ባርሴሎና ነውና ሸክሙን ይችለዋል እንበል። እኛስ? የመለማመጃ ሜዳችን በማን ስም ነው ያለው? ይህን የምጠይቀው ለነገር ፍለጋ አይደለም። የሜዳው ኪራይ የሚል መስመር በዘንድሮው በጀት ውስጥ እንዳለ ከሰማን ወራት አልፈዋል። የራሳችንን ሜዳ ከማን ነው የምንከራየው?

ስለ ደመወዝ መዘግየት የሚወራውንም ልተወው አልችልም። ወሬ ነው ብላችኋል። እሺ፣ ወሬ ይሁን። ወሬን የሚያጠፋው ደግሞ ወረቀት ነው። እስከ ባለፈው ወር ድረስ የሁሉም ተጫዋችና ሠራተኛ ደመወዝ ተከፍሏል ብላችሁ በማኅተም ጻፉ፣ ዝም እንላለን። ሁሉም ስል ማሊያ የሚያጥበውን፣ ሣር የሚያጭደውን፣ ፊዚዮቴራፒስቱን ጨምሬ ነው። የዋናው ቡድን አጥቂ ወኪል አለው፣ ጠበቃ አለው፣ እሱ ይጮሃል። ሣር የሚያጭደው ሰውዬ ማን አለው?

ደግሞም ቀልድ አይደለም። በፊፋ ደንብ መሠረት ክለቡ ሁለት ወር ደመወዝ ያላግባብ ካልከፈለው ተጫዋቹ በጽሑፍ አስጠንቅቆ ቢያንስ 15 ቀን ሰጥቶ፣ ካልተከፈለው ውሉን በሕጋዊ ምክንያት ማፍረስ ይችላል። ክለቡ ልጁን በነጻ ያጣል፣ በዚያ ላይ ካሳ ይከፍላል። ፊፋ ውዝፍ ያለበትን ክለብ ተጫዋች እንዳያስመዘግብ መከልከልም ይችላል። ለአዲሱ አሰልጣኝ እስከ ሦስት ተከታታይ የዝውውር መስኮት ማንንም ማስፈረም አትችልም ማለት ምን ማለት እንደሆነ እናንተው ንገሩት።

አሁን ትንሽ ወደ አሰልጣኙ ልዙር።

የተከበሩ አሰልጣኝ፣ እንኳን ደህና መጡ። ይህን ደብዳቤ በግልባጭ የላክሁልዎት ላስፈራራዎት አይደለም። እርስዎ ግን እኛ መጠየቅ የማንችለውን መጠየቅ የሚችሉ ሰው ነዎት። እኛ ስንጠይቅ ሌላ ቀን እንባላለን፤ እርስዎ ቢጠይቁ መልስ ሊሰጡዎት ይገደዳሉ፣ ፊርማዎ ገና አልደረቀምና። ለዝውውር የተሰጠዎት ገንዘብ በእጅ ያለ ነው ወይስ ተጫዋች ሲሸጥ የሚመጣ? የሚሸጠው ማነው? እርስዎ ሳይስማሙ ሊሸጥ ይችላል? ረዳቶችዎ ውላቸው ከእርስዎ ጋር ነው ወይስ ከክለቡ ጋር? ባለፉት ጊዜያት አሰልጣኞች ሲሄዱ ረዳቶቹ ሜዳ ላይ ቀርተው ሲንከራተቱ አይተናል።

ሮቤርቶ ዶናዶኒ የጣሊያኑን ክለብ ፓርማን ሲይዝ የደረሰበትን ሳያስታውሱት አይቀሩም። በ2014/15 የውድድር ዓመት ክለቡ ሁለት ጊዜ በአንድ ዩሮ ተሸጠ። ፌብሩዋሪ ላይ ከኡዲኔዜ ጋር የነበረው ጨዋታ የስታዲየሙን አስተናጋጆች የሚከፍሉበት ገንዘብ ስላልነበረ ተራዘመ። ማርች ላይ ክለቡ ከሰረ። ተጫዋቾቹ ለወራት ደመወዝ አላዩም። እነሱና ዶናዶኒ ግን መጫወታቸውን ቀጠሉ፤ እንዲያውም ኤፕሪል ላይ ዩቬንቱስን 1 ለ 0 አሸነፉ። በደመወዝ አልባ ቡድን ዩቬንቱስን ማሸነፍ ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ይገባዎታል። አልጠቀማቸውም ግን። ፓርማ በቀጣዩ ዓመት ከአራተኛው ሊግ ጀመረ። አምበሉ አሌሳንድሮ ሉካሬሊ አብሮ ወረደ፤ ሦስት ዓመት በተከታታይ አድገው በ2018 ወደ አገሪቱ ከፍተኛ ሊግ ሴሪ ኤ ሲመለሱ አብሮ ነበረ። ይህ ሰውዬ ሐውልት ቢሠራለት አይበዛበትም።

እንዲህ ዓይነት ጀግንነት ከእርስዎም ከልጆቻችንም መጠበቅ አልፈልግም። ደመወዙ በሰዓቱ ይከፈልና ጀግንነቱ በጨዋታ ይሁን።

ወደ ቦርዱ ልመለስ። የክለብ ሒሳብ ሚስጥር ነው፣ ተፎካካሪ ያየዋል የሚል መከራከሪያ አላችሁ። በእንግሊዝ ክለቦች እንደማንኛውም ኩባንያ ዓመታዊ ሒሳባቸውን ለመንግሥት መዝገብ ያቀርባሉ፣ የፈለገ ሰው ከፍቶ ያነባል። ማንቸስተር ዩናይትድ ከ2012 ጀምሮ በኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ስላለ በየሦስት ወሩ ያወጣል፤ የቴን ሃግን ስንብት ዋጋ ያወቅነው ከዚያ ነው። ቦሩሲያ ዶርትሙንድም የአክሲዮን ገበያ ውስጥ ያለ ክለብ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ይበልጥ እኛ ነን ሚስጥር ያለን? ተፎካካሪዎቻችን ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ስለ እኛ ደመወዝ ከእናንተ ስላይድ በላይ ከተጫዋቾች ወኪል ይሰማሉ። ከሁሉም ያላወቅነው እኛ ነን።

ኳስ በገንዘብ ካልሆነ አይሆንም የሚል መልስም ይመጣል። እውነት ነው፣ ያለ ገንዘብ አይሆንም። ብራይተንን ግን እዩት። በ2022 ሴፕቴምበር አሰልጣኙን ግራሃም ፖተርን ቼልሲ ወሰደው። ብራይተን ለእሱና ለረዳቶቹ ካሳ ከ20 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተቀብሏል። ሮቤርቶ ዴ ዘርቢን አመጡ። በዚያው ዓመት ስድስተኛ ሆነው ጨርሰው በታሪካቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የአውሮፓ ውድድር ገቡ። አሰልጣኝ ሲሄድባቸው ካሳ የሚቀበሉ አሉ፣ አሰልጣኝ ባባረሩ ቁጥር ካሳ የሚከፍሉ አሉ። እዚያ ክለብ ውስጥ ማንን እንደሚተኩ፣ በስንት እንደሚተኩ አስቀድሞ የሚያስብ ሰው አለ። እርግጥ ሀብታም ባለቤትም አላቸው፣ ይህን አልደብቅም። ግን ሀብታም ባለቤት ኖሯቸው የጠፉም ሞልተዋል።

ፖርትስማውዝ በ2008 ኤፍኤ ካፕ ወሰደ። በፌብሩዋሪ 2010 ዕዳ አሸንፎት በሞግዚት አስተዳደር ሥር የገባ የመጀመሪያው የፕሪሚየር ሊግ ክለብ ሆነ፣ 9 ነጥብ ተቀነሰበት፣ ወረደ። በ2013 አራተኛው ሊግ ላይ ነበር። ያዳነው ማነው? ደጋፊው ነው። በ2013 ገንዘብ አዋጥተው ክለቡን ገዙት፣ አቃንተው በ2017 ለአዲስ ባለቤት አስረከቡ። ስለዚህ ደጋፊ ስለ ሒሳብ ምን አገባው የምትሉኝ ከሆነ መልሴ ይኸው ነው። መጨረሻ ላይ ሒሳቡ የሚመጣው ወደ እኛ ነው። እናንተ ስብሰባው ሲያልቅ ትሄዳላችሁ፤ እኛ የት እንሄዳለን?

እናንተ ወንድሞቼና እህቶቼ ደጋፊዎች ደግሞ ትንሽ ታገሱኝ። በየመስኮቱ አስፈርሙ፣ አስፈርሙ እያልን የምንጮኸው ጩኸት ለአመራሩ ሽፋን ይሆነዋል። ደጋፊው ፈልጎ ነው ይላል። ማስፈረሙን ጠይቁ፣ ከዚያው ጋር ግን በምን ብለን እንጠይቅ። ተጫዋቹ ኤርፖርት ሲደርስ ፎቶ ከመነሳታችን በፊት ዋጋው በስንት ክፍያ እንደተከፈለ ብናውቅ ምናችን ይጎዳል?

የምፈልገውን ልናገርና ልጨርስ። የአሰልጣኙን ደመወዝ በዝርዝር ንገሩኝ አልልም፣ የግል ጉዳዩ ነው። ግን ከውሉ በፊት ቢሰናበት ክለቡ ከፍተኛው ስንት እንደሚከፍል ንገሩን። ጥሩ ውል ያፈረመ ቦርድ ይህን ለመናገር አያፍርም። ብዙ ክለቦች አሁን የስንብት ካሳውን በአንድ ዓመት ደመወዝ ይገድቡታል፣ ወይም አሰልጣኙ ሌላ ሥራ ሲያገኝ ክፍያው የሚቆምበትን አንቀጽ ያስገባሉ። እኛስ አስገብተናል? ለቀድሞዎቹ ሁለት አሰልጣኞች የቀረ ክፍያ ካለ መቼ እንደሚያልቅ ንገሩን።

የደመወዝ ወጪያችን ከገቢያችን ስንት በመቶ እንደሆነም አሳውቁን። ዩኤፋ በእሱ ውድድር የሚሳተፉ ክለቦች ለተጫዋችና ለአሰልጣኝ ደመወዝ፣ ለዝውውርና ለወኪል የሚያወጡት ተደምሮ ከገቢያቸው 70 በመቶ እንዳያልፍ አድርጓል፤ መጀመሪያ 90 ነበር፣ ቀጥሎ 80፣ አሁን 70። እኛ እዚያ ውድድር ላይ አይደለንም፣ ቁጥሩ ግን ጥሩ መለኪያ ነው። 75 ከሆንን እንነጋገርበታለን። ከመቶ በላይ ከሆንን ደግሞ እንቅልፍ ሊወስዳችሁ አይገባም።

ለሌሎች ክለቦች ያለብንን የዝውውር ውዝፍ፣ ከሌሎች የምንጠብቀውንም አንድ ገጽ ላይ አድርጋችሁ አምጡ። የመለማመጃ ሜዳውን ነገር ከላይ ጠይቄያለሁ፣ አልደግመውም። ለአባላት ተበደርን የምትሉት ብድር ካለ አበዳሪው ማን እንደሆነ፣ ወለዱ ስንት እንደሆነ፣ መያዣው ምን እንደሆነ ይገለጽ። በተለይ አበዳሪው ከቦርዱ አባላት አንዱ ከሆነ። ክለብን ማበደር ነውር አይደለም፣ ብዙ ክለብ የቆመው በባለቤቱ ብድር ነው። አበዳሪው ከጠረጴዛው በሁለቱም በኩል ሲቀመጥ ግን የሦስተኛ ሰው ዓይን ያስፈልጋል።

የኦዲት ሪፖርቱ ከጠቅላላ ጉባኤው ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ይድረሰን። በስብሰባው ጠዋት በር ላይ ታድሎ ከሻይ ዕረፍት በፊት እጅ የሚወጣበት ሪፖርት አንፈልግም። የክለቡ መተዳደሪያ ደንብ አባላት ሪፖርቱን አስቀድመው የማየት መብት እንዳላቸው ይላል፤ አንቀጹን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ኦዲተሩም በጉባኤው ላይ ተገኝቶ ጥያቄ ይመልስ። ባለፈው ዓመት አልነበረም፣ ምክንያቱም ታሞ ነው ተባልን፤ እግዜር ይማረው፣ ዘንድሮ ተወካይ ይላክልን።

ቁጥሩ መጥፎ ከሆነም ንገሩን። ዘንድሮ አንገዛም፣ በልጆቻችን እንጫወታለን፣ አሰልጣኙም ይህን አውቆ ነው የፈረመው በሉን። ስድስተኛ ብንወጣም፣ አሥረኛ ብንወጣም አብረን እንሆናለን። ከዚህ በፊት አሥራ አንደኛ ሆነን ስታዲየሙ ሞልቶ አያውቅም? የማንታገሰው ግን በጥር ወር በሬዲዮ መስማትን ነው።

የመጀመሪያው ጨዋታ ዕለት ከጎሉ ጀርባ፣ ሁሌ በምቆምበት ቦታ አለሁ። ሊያናግረኝ የሚፈልግ የቦርድ አባል ካለ ደስ ይለኛል፤ ብቻ ጨዋታው እየተካሄደ አይሁን።

ከሰላምታ ጋር
የክለቡ አባልና ደጋፊ